የተመልካች ሣቅ ምን ይላል? (ስለ «ሰው ለሰው» ተከታታይ ድራማ)

የሚያስለቅስ ደራሲ ይመሰገናል፤ የሚያስቅም ደራሲ ይመሰገናል። ሊያስፈራ ተነሥቶ የሚያስቅ ደራሲ ግን ምን ሊባል ይገባዋል? ይህን ጥያቄ ለአንባቢ የምናቀርበው ለቀልድ ያህል አይደለም፤ ከዐሥር ዓመት በላይ በልባችን ሲመላለስ የኖረ ነገር ስለ ሆነ ነው።

እንደሚታወቀው «ሰው ለሰው» የተባለው ተከታታይ ድራማ በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በየሳምንቱ ሲታይ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ያነጋገረ ድርሰት ነበር። አንድ ሳምንት አንድ ክፍል እየተባለ ከመቶ ክፍል በላይ ዘልቋል። ነገሩ የወንጀልና የሤራ ታሪክ ነው። የታሪኩም ምሰሶ አስናቀ የተባለ ባለገንዘብ ሤረኛ ሲሆን፣ አስናቀን ሆነው የተጫወቱት አንጋፋው ተዋናይ አቶ አበበ ባልቻ ናቸው። ዛሬም ቢሆን በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ያየ ሰው ሁሉ «አስናቀ» ሲባል ማን እንደ ሆነ አይጠይቅም። በቅርቡ እኛም ከድራማው ክፍሎች አያሌዎቹን በእጅ ስልካችን እንደገና ስለ ተመለከትናቸው፣ ያን ጊዜ የሰማነውን የተመልካች ቀልድና ዛሬ የደረስንበትን አሳብ አንድ ላይ አድርገን ልንጽፍ ወደድን።

ድራማው ይታይ በነበረበት ጊዜ እኛ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥተን በወልቂጤ ከተማ የመንግሥት ሥራ ገና የጀመርን ወጣት ነበርን። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ መንገደኛ የማይቋረጥባት ከተማ ናት። ጥቂት ቈይተን ወደ ቡታጅራ ተዛወርን፤ ይህችም ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ያለች፣ ገበያዋ የደራ ከተማ መሆንዋን ያያት ሁሉ ያውቃል። በሁለቱም ከተሞች ድራማውን የተከታተልነው በቤታችን አይደለም፤ በዚያ ደመወዝ ቴሌቪዥን መግዛት አይሞከርም ነበር። የተከታተልነው በሻይ ቤት ነው። ቴሌቪዥኑ ከጣራው ሥር በብረት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ ሳጥኑም ተቈልፎ፣ ቍልፉም በባለቤቱ ኪስ ሆኖ፣ እኛ ከታች አንገታችንን አቅንተን እናያለን። የመግቢያው ዋጋ አንድ ብርጭቆ ሻይ ነበር። ሻዩ ያለቀበት ሰው ሌላ እንዲያዝ ስለሚገደድ፣ ልምድ ያለው ተመልካች አንዱን ብርጭቆ እስከ መጨረሻው ሙዚቃ ድረስ ያቈየዋል። ሻዩን እንዲህ አድርጎ ማቈየትን ከድራማው ተማርን የሚሉም ነበሩ።

ከሻይ ቤቱ ቀልዶች ሁሉ የሚበልጠው በአንድ የመብራት መጥፋት ምሽት የተሰማው ነው። ክፍሉ ገና እንደ ተጀመረ መብራት ጠፋ። ተመልካቹ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ በጨለማ ተቀምጦ «አሁን እንዲህ ይሆናል፣ ቀጥሎም እንዲህ ያደርጋል» እያለ ታሪኩን በየተራ ይጨርስ ጀመር። አንዱ አስናቀን አሳሰረው፤ ሌላው ከእስር ቤት አስመለጠው፤ ሦስተኛው ገደለው። በሚቀጥለው ሳምንት ተሰብስበን ስናይ ግን ነገሩ ሁሉ በነበረበት ቆሞ አገኘነው። በዚያን ጊዜ የሻይ ቤቱ ባለቤት «ይህ ድራማ የሚራመደው መብራት ሲጠፋ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ሣቀ፤ እኛም ሣቅን። ሆኖም በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ሙሉ ሒስ እንዳለ ያስተዋልነው በኋላ ነው።

ሌሎቹን አስተያየቶች ደግሞ እንደ ትዝታችን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የስልኩ ነገር። በተከታታይ ድራማዎቻችን ውስጥ ምስጢር ያወቀ ሰው ዘወትር ስልክ ይደውላል፤ ነገር ግን ምስጢሩን በስልክ አይናገርም። «በስልክ የሚነገር አይደለም፤ ተገናኝተን እነግርሃለሁ» ይልና ይዘጋል። ከዚያም ሳይገናኙ ሁለት ሦስት ሳምንት ያልፋል። አንድ የሚኒባስ ሾፌር ይህን አይቶ «እኔ ከወልቂጤ አዲስ አበባ ደርሼ የምመለሰው እነዚህ ሰዎች ሳይገናኙ ነው» ብሎ ነበር።

ሁለተኛ፣ የበሩ ነገር። ነፍስ ለማጥፋት የሚመካከሩ ሰዎች በሩን ገርበብ አድርገው፣ ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው ይመካከራሉ። ከበሩ ኋላም ሁልጊዜ አንድ ሰው ቆሞ ይሰማል። በሻይ ቤቱ ደንበኛ የነበረ አንድ አናጢ «ለእነዚህ ሰዎች አንድ ደኅና በር ብገጥምላቸው ድራማው በማግስቱ ያበቃል» ሲል፣ የዕደ ጥበብ ሰው ሒስ ምን ያህል ቀጥተኛ እንደ ሆነ ተረዳን።

ሦስተኛ፣ የጭማቂው ነገር። ሁለት ሰዎች ካፌ ገብተው ጭማቂ ያዝዛሉ፤ ጭማቂው ይመጣል፤ ይነጋገራሉ፤ ይጣላሉ፤ አንዱ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ጭማቂው እንዳለ ይቀራል። አንድ ብርጭቆ ሻይ ለአንድ ሰዓት የሚያቈይ ተመልካች ይህን በትዕግሥት ሊያልፈው አይችልም። «ሒሳቡን ማን ከፈለ?» የሚለው ጥያቄ ከየማዕዘኑ ይነሣ ነበር።

አራተኛ፣ የንግዱ ነገር። ይህን ያነሡት የቡታጅራ ነጋዴዎች ናቸው፤ የጉራጌ ነጋዴ በሒሳብ ጉዳይ እንደማይቀለድበት የታወቀ ነው። አንድ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ የአስናቀን ወጪ በጣቱ ቈጠረ። ለሚያስፈራራው ሰው ይህን ያህል፣ ለአፍ ማስያዣ ይህን ያህል፣ ለመኪናና ለነዳጅ ይህን ያህል እያለ ሄደና፣ በመጨረሻ «ይህ ሰው ለተንኰል የሚያወጣው ከሚያተርፈው ይበልጣል። ደግሞስ ሱቁን የሚከፍተው መቼ ነው?» ብሎ ዘጋ። እንደ እኛ አስተያየት ይህ ከአስተያየቶቹ ሁሉ የጠለቀው ነው። ምክንያቱም ክፉ ሰው የሥራ ሰው መሆኑን፣ ክፋቱም ጊዜና ገንዘብ እንደሚጠይቀው ደራሲው እንዳይረሳ ያሳስባል።

አምስተኛ፣ የሽማግሌው ነገር። እንደሚታወቀው ለመስቀል በዓል የጉራጌ ልጅ ከያለበት ወደ ትውልድ ቀዬው ይገባል። በአንዱ መስቀል ወደ ገጠር ወርደን፣ ክትፎው ቀርቦ ቆጮው እየተቈረሰ ሳለ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ወጣቶች የአስናቀን ሥራ ለአንድ አዛውንት ይተርኩላቸው ጀመር። አዛውንቱ ድራማውን አይተውት አያውቁም። እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ «ይህ ሁሉ ሲሆን ሽማግሌ የት ሄደ?» አሉ። ወጣቶቹ ሣቁ። አዛውንቱ ግን ለማሣቅ አልተናገሩም። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሎች በጆካ ተሰብስበው ከዛፍ ጥላ ሥር በቅጫው ሥርዐት ነገር ሲሰሙ ያየ ሰው፣ በዳይም ተበዳይም የሚናገርበት፣ ነገሩም ፍጻሜ የሚያገኝበት ቀን እንዳለ ያውቃል። እኒያ አዛውንት የጠየቁት ስለ ፍርድ ነበር።

እነዚህን አስተያየቶች ስንመረምራቸው ሁሉም ወደ አንድ ነገር ያመለክታሉ፤ ይኸውም ጊዜ ነው። በአማርኛችን ስለዚህ ነገር ሁለት ጥሩ አነጋገሮች አሉ። አንደኛው ልብ ማንጠልጠል፣ ሁለተኛው ልብ ማድረቅ ነው። ሁለቱም ተመልካችን ማስጠበቅ ናቸው፤ ከሩቅ ሲያዩአቸውም ይመሳሰላሉ። ልብ የሚያንጠለጥል ደራሲ ተመልካቹን የሚያስጠብቀው የሚመጣው ነገር እየከበደ እንዲሄድ ነው። ልብ የሚያደርቅ ደራሲ ደግሞ የሚያስጠብቀው የሚመጣው ነገር እንዳይመጣበት ነው። ተመልካቹ ከመንጠልጠል ወደ መድረቅ የተሻገረበትን ሰዓት የሚያስታውቅ ደወል አለ፤ እርሱም ሣቅ ነው። ሊፈራ በሚገባው ቦታ የሣቀ ተመልካች ባለጌ አይደለም፤ አደራው የተበላበት ሰው ነው።

በመጽሐፍ ይህ ችግር ያን ያህል አይከፋም። ይልማ ሀብተየስን የመሰሉ ደራስያን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ሲጽፉ፣ አንባቢ ምን ያህል ገጽ እንደ ቀረው አውራ ጣቱ ይነግረዋል። በቴሌቪዥን ግን ተመልካች የሚዳብሰው ገጽ የለም፤ ፍጻሜው ሩቅ ይሁን ቅርብ የሚያውቀው ደራሲው ብቻ ነው። ደራሲውም ራሱ ካላወቀው ነገሩ ይበላሻል።

እዚህ ላይ «ርዝመት ራሱ ጥፋት ነው ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አይደለም። «ዳላስ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1980 ጄ. አር. በተባለው ሤረኛ ላይ ጥይት ከተተኰሰ በኋላ፣ ተኳሹ ማን እንደ ሆነ ሳይናገር ከመጋቢት እስከ ኅዳር ስምንት ወር ሙሉ ተመልካቹን አስጠብቋል። ሆኖም መልሱ በተነገረበት ምሽት በዚያው በአሜሪካ ብቻ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰው ተቀምጦ ጠበቀው። ይህ የሆነበት ምክንያት የሚጠበቀው ነገር አንድና ግልጽ ስለ ነበረ ነው። በእኛ ድራማ ግን የሚጠበቀው ነገር በየሳምንቱ እየበዛ፣ የበዛውም እየተረሳ ስለሚሄድ፣ ተመልካቹ ምን እየጠበቀ እንደ ሆነ ራሱ ይጠፋበታል።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነውንም ምሳሌ ያየነው በቡታጅራ ነው። በዚያን ጊዜ በኪራይ ዲስክ ከሚታዩት የውጭ ድራማዎች አንዱ «24» የተባለው ነበር። ይህ ድራማ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2010 በስምንት ዙር በድምሩ 192 ክፍል የታየ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል የአንድ ቀን አንዱን ሰዓት ይተርካል፤ ሃያ አራቱ ክፍል ሲያልቅ አንድ ቀን አለቀ ማለት ነው። ኪፈር ሰዘርላንድ የተጫወተው ጃክ ባወር የተባለ የጸጥታ ሠራተኛ ሰዓት በማያው ላይ እየቈጠረ አገር ያድናል። የቡታጅራ ተመልካች ለዚህም የሚለው አላጣም። አንድ የክትፎ ቤት ባለቤት ሦስት ዲስክ በተከታታይ ካየ በኋላ «ይህ ሰው ምሳ የሚበላው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው ደግሞ «አንድ የጀመረው ጉዳይ በዕለቱ የሚያልቅለት ሰው ያየሁት እርሱን ብቻ ነው» አለ። ይህን ሲናገር ወደ እኛ ወደ መንግሥት ሠራተኞቹ ለምን እንደ ተመለከተ ያን ጊዜ አልገባንም ነበር።

የ«24» ጥድፊያ ግን ከምሳ የከበደ ጥፋት አለው። ሰዓቱ እየሮጠ ስለ ሆነ ጃክ ባወር የያዘውን ሰው እያሠቃየ ያናግረዋል፤ የተሠቃየውም ሰው ወዲያው እውነቱን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2006 ፓትሪክ ፊኔጋን የተባሉ የዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት የትምህርት ኀላፊ፣ ማዕርጋቸውም ብርጋዴር ጄኔራል የሆነ፣ ከመርማሪዎች ጋር ሆነው ወደ ድራማው አዘጋጆች ዘንድ ሄደው «ተማሪዎቻችን ይህን እያዩ ማሠቃየት ተገቢና የሚጠቅም ነገር ይመስላቸዋል» ሲሉ አሳስበዋል። እንግዲህ አንዱ ድራማ ፍርድን ሲያዘገይ ተመልካቹን ያለ ተስፋ ያስቀራል፤ ሌላው ድራማ ፍርድን ሲያጣድፍ ተመልካቹን ጨካኝ ያደርጋል። የጊዜ ጉዳይ የድርሰት አሠራር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ራሳችንን ከነቀፌታ ነጻ አድርገን አይደለም። እንዲያውም ስለ «ሰው ለሰው» እንድናስብ ያስገደደን የራሳችን ጥፋት ነው። በዚያው ዘመን እንሠራበት ወደ ነበረው መሥሪያ ቤት አንድ የገጠር ሽማግሌ በአንድ ማስረጃ ጉዳይ ይመላለሱ ነበር። እንደ ልማዳችን «አባት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ» እንላቸዋለን፤ እርሳቸውም በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ። አንድ ቀን ይህንኑ ቃል ስንደግምላቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ፈገግ አሉና «ልጄ፣ የእኔም ነገር እንደ አስናቀ ሆነ፤ ሁልጊዜ ይቀጥላል ትሉኛላችሁ» አሉ። በቢሮው የነበረው ሰው ሁሉ ሣቀ። እኛም ሣቅን። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን መልሰው አጥልቀው ሄዱ።

በዚያ ሳምንት ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ የመጨረሻው ፊት በማያው ላይ ቆሞ፣ የመጨረሻው ሙዚቃ ሲሰማ፣ እንደ ወትሮው ተመልካቹ ሣቀ፤ እኛን ግን ሣቅ እምቢ አለን። በማግስቱ ማለዳ ገብተን የሽማግሌውን ፋይል ብንፈልግ ከራሳችን ጠረጴዛ ላይ፣ ከሌሎች ፋይሎች ሥር አገኘነው። የጐደለው የግማሽ ገጽ ደብዳቤ ነበር። ጽፈን፣ አስፈርመን፣ ማኅተም አስመትተን ስንጨርስ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ሽማግሌው ያን ግማሽ ሰዓት የጠበቁት ሦስት ወር ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሻይ ቤቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሣቅ እንዳለ ተረዳን። አንደኛው በጭማቂውና በበሩ የሚሣቀው ቀላል ሣቅ ነው። ሁለተኛው ግን «አስናቀ እንደ ሆነ አይያዝም» እያሉ የሚሣቁት ነው። ይህን የሚሣቅ ሰው በደራሲው ድካም ላይ ብቻ አይሣቅም፤ ባለገንዘብ በዳይ ሲያመልጥ፣ ተበዳይ ሲመላለስ በኑሮው ስላየ፣ ድራማው ያውቀዋል። ስለዚህም ድራማው እጅግ የተራዘመ ቢሆን እንኳ ትቶት አይሄድም። በቴሌቪዥን ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በደል ሲያልቅ ለማየት ተቀምጧል።

ምስጋናም ለሚገባው ይሰጥ። አቶ አበበ ባልቻ አስናቀን የሠሩበት ብቃት በቴሌቪዥን ድራማችን ታሪክ ውስጥ ሲጠቀስ የሚኖር ነው። በርካታ ተዋንያን ክፉ ሰውን ሲጫወቱ ዐይናቸውን ያጕረጠርጣሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እርሳቸው ግን ክፋቱን በአስተያየታቸውና ቃላቸውን በሚመጥኑበት አነጋገር ስለ ገለጡት፣ ተመልካች እየጠላው ሊያየው ይናፍቅ ነበር። ድራማው በተጐተተበት ሳምንት እንኳ አስናቀ ሲገባ ሻይ ቤቱ ጸጥ ይል እንደ ነበረ እኛ ምስክር ነን። ነገር ግን ይኸው ምስጋና የነቀፌታችን ምክንያት ነው። ክፉው ሰው ይህን ያህል ተደክሞበት ሲሠራ፣ ደግ ሰዎቹ የተሰጣቸው ሥራ መስማት፣ መደንገጥና ማልቀስ ሆነ። የቡታጅራው ነጋዴ አስናቀ ሱቁን መቼ እንደሚከፍት ሲጠይቅ፣ የደግ ሰዎቹን ሥራ ግን ማንም አለመጠየቁን ልብ ይሏል። ስለ እነርሱ ቀልድ የለም፤ ቀልድ የሌለበትም ሰው ማንም ያላስተዋለው ሰው ነው።

ስለዚህ ወደ ፊት እንዲህ ያለውን ረጅም ድራማ ለሚጽፉ ወገኖቻችን ሦስት ነገር ለማሳሰብ እንወዳለን። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ክፍል ከመታየቱ በፊት የመጨረሻው ክፍል ይጻፍ፤ መድረሻውን የሚያውቅ መንገደኛ ቢዘገይም አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ደግ ሰውም እንደ ክፉው ዕቅድ፣ ብልኀትና የዕለት ሥራ ይኑረው። ሦስተኛ፣ ደራሲው አልፎ አልፎ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ማንነቱን ሳይናገር፣ በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ አንዱ ሻይ ቤት ገብቶ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዘዝና ከተመልካቹ ጋር ይቀመጥ። በየትኛው ቦታ ጸጥ እንደሚባልና በየትኛው ቦታ እንደሚሣቅ በጆሮው ይስማ። ከዚያ የሚያገኘው ሒስ እኛ በዚህ ገጽ ከምንጽፈው ይልቅ ይጠቅመዋል፤ ዋጋውም የአንድ ሻይ ዋጋ ነው።

ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እንጨምራለን። ባለጉዳይ በፊታችን ሲቀልድ ዝም ብለን አንሣቅ፤ በመጀመሪያ ከጠረጴዛችን ላይ ያለውን ፋይል ገልጠን እንይ።

ይህ ጽሑፍ ግን አይቀጥልም፤ እዚህ ላይ ተፈጸመ።